አረንጓዴ ክር ያለው መጋጠሚያ

ጦልሃ በወንድሙ ሆዱ የተቃጠለባትን ሰዓት አይረሳትም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስር ሶላት ሊደርስ ሲል፣ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው የሳይክል መጠገኛቸው ደጃፍ ላይ ነው። አባቱ ነጅሙዲን የቆዳውን ቦርሳ ከሚስማሩ አወረዱ፣ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ፣ ከዚያም ጦልሃ እጁን እየዘረጋ ሳለ እሱን አልፈው ለታላቁ ልጃቸው ለአብዲቃድር ሰጡት።

«ነገ ቦርሳውን አንተ ትይዛለህ» አሉት። «ጦልሃ ይረፍ።»

ይረፍ! ደከመኝ ያላለ ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚያርፈው? ጦልሃ የዘረጋውን እጅ የት እንደሚያደርሰው ጠፍቶት ራሱን አከከበት።

ቦርሳውን የማያውቅ ሰው «ለአንድ አሮጌ ቦርሳ ይሄ ሁሉ?» ይል ይሆናል። ይበል። እሑድ እሑድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስድስት ሰባት ሆነው ወደ ጀልዴሳ በሚወስደው የአፈር መንገድ ሳይክል የሚነዱ ሰዎች አሉ። እዚያ መንገድ ላይ ጋራዥ የለም፣ ጥላ እንደ ልብ አይገኝም፣ ስልክም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይተዋል። የሳይክል ካቴና የተበጠሰበት ሰው ሳይክሉን እየገፋ በፀሐይ ወደ ከተማ መመለስ ነው። ስለዚህ ነጅሙዲን በዋዜማው ቦርሳውን ያሰናዳሉ። ፒንሳ ይገባል፣ የካቴና ፒን ማስወጫ ይገባል፣ ማስቲሽ ይገባል፣ ከሁሉም በላይ ግን ለእያንዳንዱ ነጂ በካቴናው ልክ የተመረጠ፣ የተበጠሰውን መልሶ የሚያያይዝ ትንሽ ብረት፣ መጋጠሚያ ይገባል። ቦርሳውን የያዘ ሰው ከሁሉም ኋላ ይነዳል። ከእሱ ኋላ የሚቀር የለም፤ እሱ ሳይደርስም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ነጅሙዲን ይህን ሃያ ዓመት ሠሩበት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማሰናዳቱን ለራሳቸው አስቀርተው መያዙን ለጦልሃ ሰጡት፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። በሰፈሩ «ባለቦርሳው» ከተባለ ጦልሃ ማለት ነው። ሌላ ማዕረግ የለውም፣ ፈልጎም አያውቅ።

አብዲቃድር ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የምታብረቀርቅ ባለ ብዙ ማርሽ ሳይክል ይዞ ከተፍ ያለ ሰው ነው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እናታቸው ቱሪያ ሁልበት መረቁን፣ የአብሹን መረቅ፣ መጀመሪያ ለእሱ ትቀዳለች። አባታቸው እሱ ሲናገር ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰማሉ፤ ጦልሃ ሲናገር ግን ሬዲዮ እንደከፈቱ ነው። ይህን ሁሉ ጦልሃ ችሎት ነበር። ያልቻለው አንዲት ቃል ነች። አብዲቃድር አንድ ቀን የመጠገኛውን ግድግዳ በእርምጃው እየለካ «አባ፣ ልመለስ አስቤያለሁ፣ ይቺን ቤት እናሰፋታለን» አለ። እናሰፋታለን! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን ግሪስ ሳይነካው ቆይቶ «እናሰፋታለን»። ጦልሃ ከዚያ ቀን ወዲህ ቦርሳውን ባየ ቁጥር ቤቱን፣ ቤቱን ባየ ቁጥር ቦርሳውን ያስባል። ቦርሳው የሄደበት ቤቱም ይከተላል ባይ ነው። እና ቦርሳው ዛሬ ዓይኑ እያየ ሄደ።

«ና ጦልሃ፣ ወንድምህ እንዴት እንደማሰናዳ ይይ» አሉ ነጅሙዲን፣ በደጃፉ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው።

ዓይናቸው ደክሟል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ አንድ ይመስሏቸዋል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው፤ ቱሪያ ሽቲ ቀሚስ ከምትሰፋበት ክር እየለመኑ ለእያንዳንዱ ሰው መጋጠሚያ የራሱን ቀለም ያስሩለታል። የራሳቸው ነጭ፣ አብሯቸው የሚነዳው የደንበኛቸው የዓዋሌ ቀይ፣ የጦልሃ ጥቁር። የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ክሩን አልይዝ ሲል አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ይጎትታሉ፤ ቋጠሯቸው ሁልጊዜ ልል ነው፣ ደራርበው ሦስቴ ይቋጥሩታል።

«ይኼ አረንጓዴ የአብዲቃድር ነው» አሉና ወደ ብርሃኑ አነሱት። «አያችሁ ቅጥነቱን? የእኛ ካቴና ወፍራም ነው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ስለሆነ። የእሱ ባለ ብዙ ማርሽ ነው፣ ካቴናው ቀጭን ነው። ይህን ለማግኘት ታይዋን ገበያ ሄጄ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ፣ በእግሬ።»

በእግሬ። ጦልሃ አንድም ቀን አባቱ ለእሱ ካቴና ብለው ታይዋን ሲሄዱ አላየም። የእሱ መጋጠሚያ ከአሮጌው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተፈልጋ የወጣች ነች። ሰው በዚህ ይቀናል ወይ? ይቀናል እንጂ።

አዛን ተባለ። ነጅሙዲን ለመነሣት አብዲቃድርን ተደገፉና «ጦልሃ፣ ያንተ ዓይን ጥሩ ነው፣ የወንድምህን ካቴና አንዴ እየውማ» አሉ።

ጦልሃ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ካቴናው ጅቡቲ ውስጥ ባልሠለጠነ እጅ አጥሯል። አንዱ ፒን ወጥቶ ተመልሶ የተመታ ነው፤ ጫፉ የፀጉር ያህል ወደ ውጭ ሾልኳል። ቀጭን ካቴና ላይ አንዴ የወጣ ፒን ተመልሶ አይይዝም። ይህንንም ያስተማሩት አባቱ ናቸው።

«ጤነኛ ነው» አለ።

እነሱ ወደ መስጊድ ሄዱ። እሱ «ዘግቼ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ፣ አረንጓዴውን ክር ፈታ፣ ቀጭኑን መጋጠሚያ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ከወተቱ ቆርቆሮ አንድ ወፍራም መጋጠሚያ አውጥቶ በዚያው ክር አሰረው። እጁ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ካቴናው ይበጠሳል። አብዲቃድር ከኋላ ቦርሳውን ይከፍታል፣ ይሞክራል፣ አይገባለትም፣ ላብ በላብ ይሆናል። ያኔ ጦልሃ ሰከን ብሎ «እኔ እንኳ ለማንኛውም ብዬ አንድ ይዤ ነበር» ይልና ከኪሱ ያወጣል። አባቱም ባለቦርሳው ማን እንደሆነ ያያሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አይሞት፣ ማንም አይጎዳ። ወደ መስጊድ በጥድፊያ እየሄደ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አላት፤ ጥሩ ትመጣለች።

አንድ ያላሰበው ነገር ነበር። ነጅሙዲን በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈሩት። አባታቸው በስተርጅና መርሳት ይዟቸው ከመስጊድ ሲመለሱ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን «ቤቴ በየት ነው?» ይሉ ነበር። ነጅሙዲን ልጅ ሆነው እጃቸውን ይዘው ይመልሷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ካስቀመጡበት ባጡ ቁጥር ፊታቸው ይለወጣል። ጦልሃ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን ልቡ በአብዲቃድር ተይዞ ስለነበር ለአባቱ የተረፈ ቦታ አልነበረውም።

እሑድ ሌሎቹ ነጂዎች ሰርግ ነበረባቸውና አራት ብቻ ሆነው ወጡ። ከኋላ አብዲቃድር ቦርሳውን አንግቶ፣ ከፊት ዓዋሌ፣ ማለትም መጋላ ሰፈር ሱቅ ያለው ወፍራሙ ሶማሌ፣ የነጅሙዲን የረጅም ጊዜ ደንበኛ፣ መሐል ጦልሃና አባቱ። ነጅሙዲን ይህን መንገድ ከተዉት ሁለት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ግን «ልጄ መጥቶ እኔ ቤት አልቀመጥም» ብለው አሮጌ ሳይክላቸውን አስነሥተዋል።

«ዋርያ ጦልሃ!» ይላል ዓዋሌ ከፊት እየዞረ። «ዛሬ እንደ ሚኒስትር መሐል ሆነሃል፣ አቦ! ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ገና መች ወጣ?»

ጦልሃ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ጀርባ እያየ የነዳ ሰው ነው፤ አሁን ከኋላው የወንድሙን ጎማ ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያሳክከዋል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁልጊዜ ከሚያርፉበት ደረቅ ወንዝ ደረሱ። ውኃ ጠጡ፣ ቴምር ተካፈሉ። አብዲቃድር አባቱ ሳይክሏን በዓይናቸው ሲዳብሷት አይቶ ሣቀ።

«አባ፣ እስቲ አንዴ ንዳት። ወንዙን ተሻገርባት።»

«እኔ? ሂድ አቦ!»

«ወላሂ ትነዳታለህ።»

ድሬ ላይ ልጅ አባቱን አንተ ይላል፣ አባትም ልጁ ሲለምነው እንዲህ እንደ ልጅ ይሽኮረመማል። ነጅሙዲን ተነሡ። መቀመጫውን ዝቅ አደረጉላቸው። ጦልሃ ካቴናውን አየ። ያ ፒን! አብዲቃድር ሲወድቅ ነው እንጂ አባቱ ሲወድቁ አላለመም። አፉን ከፈተ፤ «አባ፣ ቆይ» ሊል ምላሱ ላይ ደረሰ። ያኔ ነጅሙዲን ማርሹን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ በአሸዋው ዳር ሲሄዱ ጮክ ብለው ሣቁ። ጦልሃ ያን ሣቅ ለስንት ዓመት አልሰማውም። ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ሲሠራ፣ መድኃኒታቸውን ሲያመጣ፣ ጫማቸውን ሲያስር አንድም ቀን እንዲህ አላሳቃቸውም። ሄዶ የመጣው ልጃቸው ነው ያሳቃቸው። አፉን ዘጋ።

ነጅሙዲን ወንዙን ተሻገሩ። ማዶ ያለው ዳገት ጋ ሲደርሱ እንደ ጎረምሳ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሙሉ ክብደታቸው ፔዳሉን ረገጡ። ካቴናው ቋ ብሎ ተበጠሰ። እግራቸው ባዶውን ረገጠና በጎናቸው ጠጠሩ ላይ ወደቁ።

ሦስቱም ሮጡ። አጥንት አልተሰበረም፣ አልሃምዱሊላህ። መዳፋቸው ተልጧል፣ ጉልበታቸው ይደማል፣ ሱሪያቸው ተቀዷል። እሳቸው ግን ገና ሣቃቸው አልለቀቃቸውም።

«ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ! ካቴናውን ነው የምናየው። አብዲቃድር፣ ቦርሳውን ክፈት። አረንጓዴው ያንተ ነው። ጎበዝ፣ ልይህ እስቲ።»

አብዲቃድር ተንበርክኮ አረንጓዴውን መጋጠሚያ አወጣ። ወደ ካቴናው አስጠጋው። ገለበጠው። ደግሞ አስጠጋው። ልክ ጦልሃ እንዳሰበው ላብ በግንባሩ መውረድ ጀመረ። ጦልሃ ይህን ለማየት ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው፤ አሁን ግን ዓይኑ ከአባቱ ጉልበት ላይ አልነሣ አለው።

«አባ፣ ይኼ አይገባም። ወፍራም ነው።»

«እንዴት ወፍራም ይሆናል? አምጣው።»

ነጅሙዲን በተላጠ መዳፋቸው ተቀበሉት። ወደ ፀሐይ አነሱት። በጣታቸው ዳሰሱት። ከካቴናው ጎን አደረጉት። ሣቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ቀጭን ነው የገዛሁት» አሉ። ብረቱን ገልብጠው ደግሞ «ገዝቻለሁ አይደል?» አሉ።

ወደ ትንሹ ልጃቸው ዞሩ።

«ጦልሃ፣ ታይዋን ሄጃለሁ አይደል?»

«ሄደሃል አባ።»

«ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ አይደል? ወይስ... ወይስ ሌላ ቀን ነው?»

«አዴር፣ ሰው ይሳሳታል፣ ምን አለበት» አለ ዓዋሌ፣ እንደ አገሩ ወግ አጎቱን እንደሚጠራ እየጠራቸው።

«እኔ አልሳሳትም!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በዚህ ነገር ተሳስቼ አላውቅም። በእጄ ይዤ አሳየኋችሁ። ቀጭን ነው እያልኩ ወፍራም ነው ያሳየኋችሁ ማለት ነው?» ጠጠሩ ላይ እንደተቀመጡ ወንዙን አሻግረው አዩ። «አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ዕቃ ነበር የሚያምታታው።»

ሦስት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐዩ ማቃጠል ጀምሯል። ከተማው ድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ በደማ ጉልበት ደግሞ አይታሰብም። ጦልሃ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ያለው ብረት ደረቱን የሚፈጀው መሰለው። ያቺ የተለማመዳት ዓረፍተ ነገር ከየት ትምጣ?

«እኔ ጋ አለ» አለ ብቻ።

አውጥቶ ተንበረከከ። በሁለት ደቂቃ አስገባው፣ ፔዳሉን ረገጥ አድርጎ ቆለፈው። እጁ ያውቃል፤ እጁ ምንም አላፈረም።

ነጅሙዲን ትከሻውን ያዙት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንተ አስበህ ነበር። እኔ ስረሳ አንተ አሰብክ። እኔ ቂሉ ይረፍ እልሃለሁ!» ወደ አብዲቃድር ዞሩ። «ቦርሳውን ስጠው። አንተ እንግዳ ነህ ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ ይኼ የእሱ ነው።» ከዚያ በአንገታቸው ያለውን ገመድ አወለቁ። የመጠገኛው ቁልፍ ያለበት ነው። «ይኼንንም ያዝ። ከዛሬ ጀምሮ ማሰናዳቱም፣ ቤቱም ያንተ ነው። እኔ ሰው መንገድ ላይ ሳላስቀር በፊት ይብቃኝ።»

ይኸውልህ፣ ያሰበው ሁሉ እጁ ገባ። ከፈለገው በላይ፣ በወንድሙ ዓይን ፊት። ጦልሃ ቁልፉን ይዞ ቆመ። ደስታ የምትባለው ነገር ትመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቃት፣ አልመጣችም።

«አባ» አለ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

«ምኑን?»

«መጋጠሚያውን። አንተ ቀጭን ነው ያሰርከው። መስጊድ ስትሄዱ እኔ አውጥቼ ወፍራም ከተትኩበት። ፒኑም እንደሾለከ አይቻለሁ። ጤነኛ ነው ብዬ ዋሸሁህ። ቀንቼ ነው አባ። አንተ ምንም አልረሳህም። ወላሂ ምንም አልረሳህም።»

ነጅሙዲን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸው ላይ ጦልሃ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር መጣ፤ በሙሉ ዓይናቸው፣ በፍቅር አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉ። «እኔ እንዳይከፋኝ ብለህ ራስህን ሌባ ታደርጋለህ?»

«እውነቴን ነው! ቋጠሮውን እየው! አንተ ሦስቴ ነው የምትቋጥረው፣ ይኼ አንድ ነው!»

«ቋጠሮ የሚያይ ዓይን የት አለኝ ልጄ?» ራሱን ዳበሱት። «እኔም አባቴን እንዲህ ነበር የምለው። ቤቱ ሲጠፋበት፣ እኔ ነኝ በሌላ መንገድ የወሰድኩህ እለው ነበር። ተወው፣ ገብቶኛል። አላህ ይባርክህ።»

ዓዋሌ እየደገፈ ወደ አሮጌው ሳይክላቸው ወሰዳቸው። አብዲቃድር አባቱ ጠጠሩ ላይ የተዉትን ወፍራም መጋጠሚያ አንሥቶ አረንጓዴውን ክር በጣቱ እያዞረ ቀርቷል። ቋጠሮውን አየ፤ ጠበቅ ያለች፣ አንዲት ቋጠሮ። ከዚያ ጦልሃን አየ። እሱ ግን አምኖታል።

«ንገረው» አለ ጦልሃ በሹክሹክታ። «አንተ ብትነግረው ያምንሃል።»

«ትናንት ብነግረው ያምነኝ ነበር» አለ አብዲቃድር። «ቁልፉን ከሰጠህ በኋላ? ቀንቶ ነው ይለኛል።» ክሩን ከነመጋጠሚያው ቦርሳው ውስጥ ጣለና ቦርሳውን ወንድሙ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው። ሳይክሉን ይዞ ሄደ።

ሲመለሱ ጦልሃ እንደ ዱሮው ከሁሉም ኋላ ነበር። ከተማው ሊታይ ሲል መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ ነጅሙዲን ከሃያ ዓመት በላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያለፉበት ነው። ዛሬ እዚያ ሲደርሱ ፍሬን ያዙ። ዓዋሌና አብዲቃድር አልፈው ሄደዋል። አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ የደማ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ባለቦርሳው እስኪደርስ ጠበቁት።

«ጦልሃ» አሉ። «በየት ነው?»

«በግራ ነው አባ» አለ።

ነጅሙዲን አመሰገኑትና በግራ ታጠፉ።